የማሕሙድ አሕመድ ዘፈኖች ለምን ይመሳሰላሉ? ስለ ቅኝት፣ ስለ ግጥም ቤትና ስለ ዜማ ባለቤትነት



የማነሣው ጉዳይ ሁላችንም ከምናውቀው የአድማጭነት ልማድ የሚነሣ ነው። አንድን ድምፃዊ ለዓመታት ወድደን እናደምጣለን። ከዚያ አንድ ቀን ያልሰማነውን ዘፈኑን እንከፍታለን፤ መግቢያው ገና ሳያልቅ «ይህንንስ አውቀዋለሁ» እንላለን። አርእስቱ ሌላ፣ ግጥሙ ሌላ፣ የተቀረጸበት ዘመንም ሌላ ነው፤ ጆሯችን ግን ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ይከራከረናል። ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ዘፈን ሲተነትኑ ይህን ስሜት ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጉታል፦ «ዜማው ከቀድሞ ዘፈኑ የተወሰደ ነው።» ዓረፍተ ነገሩ አጭር ቢሆንም ክስ ነው። ድምፃዊውን ሰነፍ፣ የዜማ ደራሲውን ደግሞ ሌባ ያደርጋል፤ ጽሑፉም በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ከነክሱ ይቀመጣል። እንዲህ ያለውን ቃል ከመጻፋችን በፊት ጆሯችን የሰማው መመሳሰል ከየት እንደ መጣ መለየት ይገባናል እላለሁ።

ለማሳያ የመረጥሁት ማሕሙድ አሕመድን ነው። አንደኛው ምክንያት እወደዋለሁ፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። (በገለጻዬ «እርሱ» እያልሁ ብጠራው አክብሮት ጎድሎኝ አይደለም፤ ዘፋኝን እንደ ቅርብ ወዳጅ መጥራት የአድማጭ ወግ ስለሆነ ነው።) ሁለተኛው ምክንያት የሥራ ዘመኑ ለጥያቄያችን የተመቸ መሆኑ ነው። ማሕሙድ እ.ኤ.አ. በ1941 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል፤ አሪዞና በሚባል የምሽት ክበብ በተላላኪነት ሲሠራ ሳለ የመዝፈን ዕድል አገኘ፤ ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ገብቶ እስከ አብዮቱ ዋዜማ ቆየ። «እሬ መላ መላ»ን እ.ኤ.አ. በ1975 ያስቀረጸው ከአይቤክስ ባንድ ጋር ነው፤ በኋላም በካሴት ዘመን ከሮሃ ባንድ ጋር ሠርቷል። እንግዲህ ከትልቅ የንፋስ መሣሪያ ጓድ እስከ ኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን ድረስ የተለያዩ አጃቢዎች፣ ከሸክላ እስከ ካሴትና ሲዲ ድረስ የተለያዩ መቅረጫዎች ተፈራርቀውበታል። ይህ ሁሉ ተለዋውጦ ዘፈኖቹ አሁንም የሚመሳሰሉ ከሆነ መመሳሰሉ የት እንደሚኖር ለመፈለግ ጥሩ ዕድል አለን።

በመጀመሪያ የምናገኘው ቅኝትን ነው። አራቱን ቅኝቶቻችንን፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን ሁላችሁም በስም ታውቋቸዋላችሁ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ ልዩነታቸው በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ርቀቱን በግማሽ ድምፅ ብንቆጥር ትዝታ ሜጀር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ይሆናል፤ ትዝታ ማይነር 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4፤ ባቲ ማይነር 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2፤ አምባሰል 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4፤ አንቺሆዬ ደግሞ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3። ቁጥሮቹን ለጊዜው እንደ ክራር አውታር ተመልከቷቸው። ትዝታ ሜጀርን ወደ ማይነር ለመለወጥ ክራር መቺው ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግማሽ ዝቅ ያደርጋል፤ ሌላውን አይነካም።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የትዝታ ሜጀርን አምስት ድምፆች ሳንነካ መነሻችንን ወደ አምስተኛው ድምፅ ብናዛውር የምናገኘው 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2 ነው፤ ይህም ባቲ ማይነር ነው። የትዝታ ማይነርን ድምፆች ሳንነካ መነሻችንን ወደ አራተኛው ብናዛውር 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ይሆናል፤ ይህም አምባሰል ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከእነዚህ ቅኝቶች ጥንድ ጥንዶቹ የሚጋሩት አንድ ቤት ሆኖ ልዩነታቸው በሩ ነው። አድማጭ የአንድን ዘፈን ማረፊያ ድምፅ ካልያዘ፣ በትዝታ የተዜመውንና በባቲ ማይነር የተዜመውን ዘፈን የአንድ ዘፈን ሁለት ቅጂ አድርጎ ሊሰማቸው ይችላል። የሚሰማው የድምፆቹን ዝምድና ስለሆነ ጆሮው አልዋሸም፤ ሆኖም ከዚያ ተነሥቶ «ዜማው ያው ነው» ቢል የተለየ ነገር መናገሩ ነው።

የቆላው ሰው ይህንን ከማንም በፊት ያውቀዋል ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ ባደግሁበት በሸሕዲ ሬዲዮ ሲከፈት ከአዲስ አበባው ጣቢያ ይልቅ ኦምዱርማን ጠርቶ የሚሰማበት ምሽት ብዙ ነበር። ኦምዱርማን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1940 የተቋቋመ ነው፤ የሱዳን ዘፈን ከድንበሩ ማዶ እስከ እኛ ቤት ድረስ የደረሰው በእርሱ ማዕበል ነው። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ የማሕሙድንና የጥላሁንን ካሴት ይዞ ይመጣል፤ ከገላባት በኩል ደግሞ የመሐመድ ወርዲ ካሴት ይገባል። በአንድ ሻይ ቤት ቴፕ ላይ ሁለቱ ይፈራረቃሉ። ዐረብኛ የማያውቀው ከወርዲ ጋር ያንጎራጉራል፤ አማርኛ የማያውቀው የሱዳን ነጋዴ ከማሕሙድ ጋር ትከሻውን ይነቀንቃል። «የእነርሱ ዘፈን ከእኛው የተወሰደ ነው» የሚል ነበር፤ «የእኛው ከእነርሱ» የሚልም ነበር፤ ክርክሩ አንዳንዴ ይጦፍ ነበር።

የክርክሩ መፍቻ ከላይ ባየናቸው ቁጥሮች ውስጥ አለ። የመካከለኛውና የሰሜኑ ሱዳን ዘፈን በአመዛኙ በአምስት ድምፅ የሚዜም ሲሆን በድምፆቹ መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት የለም፤ ማለትም የትዝታ ሜጀርና የባቲ ማይነር ቤት ነው። ከዚህ አንጻር ሱዳን ከግብፁ የመቃም ዜማ ይልቅ ለእኛ ትቀርባለች። ወርዲ እ.ኤ.አ. በ1932 በኑቢያ ምድር የተወለደ፣ ሙዚቃን በጣምቡር የጀመረ ሰው ነው፤ ጣምቡር ደግሞ የክራር የሥጋ ዘመድ ነው። አውታሩ የተዛመደ ሙዚቃ ዜማው ቢዛመድ የሚያስገርም ነገር የለውም፤ ማንም ከማንም መስረቅ አላስፈለገውም። ሱዳናዊው አድማጭ ማሕሙድ በአንቺሆዬ ወይም በአምባሰል ሲዘፍን የሚሰማው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ የግማሽ ድምፅ ርቀቶቹ እንግዳ ይሆኑበታል። በሻይ ቤቱ አብሮ የሚያንጎራጉረው ሰው በየትኛው ዘፈን ላይ ዝም እንደሚል ተመልክቶ ቅኝቱን መገመት ይቻል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ «አምስት ድምፅ ብቻ ካለ ዜማ ማለቁ አይቀርም ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሒሳቡን እንሥራው። ስምንት ድምፅ ያላት አንዲት የዜማ ሐረግ ብንወስድና በእያንዳንዱ ቦታ ከአምስቱ ድምፆች የፈለግነውን ብናስቀምጥ 390,625 የተለያዩ ሐረጎች እናገኛለን። ይህ ለማንም የሚበቃ ነው። ነገር ግን ሰው እንዲህ አይዘፍንም። የሰው ድምፅ በአብዛኛው ወደ ጎረቤቱ ድምፅ ይራመዳል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወይም ባለበት ይደግማል። መነሻውን ድምፅ ካወቅንና ቀጥለው ለሚመጡት ለሰባቱ እነዚህን ሦስት ምርጫዎች ብቻ ከሰጠን ቁጥሩ ወደ 2,187 ይወርዳል። በዚህ ላይ ሐረጉ በማረፊያው ድምፅ ይለቅ ብንል ከዚያም እጅግ ያንሳል። በርካታ ዘፈኖችን የዘፈነ ሰው፣ እያንዳንዱም ዘፈን አራት አምስት ሐረግ ሲኖረው፣ አንዱ ሐረግ ከሌላው ጋር ባይጋጭ ነው የሚደንቀው። ይህ ስሌት ለማሳያ ያህል ነው፤ እውነተኛ ዜማ መዝለልም ማጌጥም ያውቃል።

ቅኝትን ሁሉም ያነሣዋል፤ እኔ ግን ከቅኝቱ ባላነሰ የግጥሙ ቤት ሊታሰብበት ይገባል ባይ ነኝ፤ በተማሪዎቻችን ጽሑፍ ውስጥ ግን ሲነሣ አላይም። የአማርኛ ዘፈን ግጥም ብዙ ጊዜ በወል ቤት ይገጠማል፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት ቀለም። ሰንጎ መገን አምስት በአምስት ነው፤ ቡሄ በሉ አራት በአራት። የዜማ ደራሲ በወል ቤት የተገጠመ ግጥም ሲሰጠው የሐረጉ ርዝመት አስቀድሞ ተወስኖለታል፤ የት እንደሚተነፍስ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ቤት የሚመታው ቀለም የት ላይ እንደሚወድቅ ተነግሮታል። ቤት መምቻው ላይ ዜማው እንዲወርድ ያስገድደዋል ማለት ይቻላል። ሁለት ግጥሞች በአንድ ቤት ከተገጠሙ፣ በአንድ ቅኝት ከተዜሙና በችክችካ ምት ከተጫወቱ፣ ሁለቱ የዜማ ደራሲዎች ባይተዋወቁ እንኳ ዘፈኖቹ ይተዋወቃሉ። ችክችካ ራሱ በሦስትና በሁለት መካከል የሚወላውል ምት ነው፤ በስድስት ቀለም ላይ እንደ ተሰፋ ልብስ ይገጥማል።

ተማሪዎቼን አንድ ሥራ አሠራቸዋለሁ። ይመሳሰላሉ ያሏቸውን ሁለት ዘፈኖች ይዘው ይመጣሉ። በመጀመሪያ ግጥሙን ቆጥረው ቤቱን ይለያሉ። ቀጥለው ቃሉን ትተው በእንጉርጉሮ ብቻ ያዜሙታል፤ ከዚያ ጌጡን ሁሉ ገፍፈው ዐፅሙን በክራር ላይ ይመቱታል። በዚህ ደረጃ ላይ ብዙዎቹ ጥንዶች ይለያያሉ፤ በአንደኛው ዜማው ከላይ ጀምሮ ይወርዳል፣ በሌላው ከታች ይወጣል። ታዲያ ምን ነበር ያመሳሰላቸው? ጌጡ ነው። የማሕሙድ ድምፅ ረጅም ቀለም ላይ ሲደርስ የሚርገበገብበት፣ ማረፊያው ላይ ከመውደቁ በፊት ወደ ላይ ነካ አድርጎ የሚመለስበት የራሱ መንገድ አለው። እንደ እጅ ጽሑፍ ነው። የምናውቀውን ሰው እጅ ጽሑፍ በሁለት ደብዳቤዎች ላይ ብናይ ደብዳቤው አንድ ነው አንልም።

ስለ ቅንብር ብዙ አልልም፤ ጉዳዩ ግልጽ ስለሆነ። በክቡር ዘበኛ ዘመን ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እንደ ሣህሌ ደጋጎ ባሉ ጥቂት ባለሙያዎች እጅ፣ በአንድ ዓይነት የንፋስ መሣሪያ መግቢያ ይዘፍኑ ነበር። በካሴት ዘመን ደግሞ ሮሃ ባንድ ለብዙዎቹ ዝነኛ ድምፃውያን አጅቧል። የአንድ ልብስ ሰፊ ሥራ በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ሲታይ ሁለቱ ሰዎች ወንድማማች ይመስላሉ።

አሁን ከዘፈኑ ወጥተን አድማጩን እንይ። መመሳሰልን እንደ ጉድለት መቁጠር ራሱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በድጓ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቃል፤ በቅዱስ ያሬድ ስም በሚጠራው ዜማ፣ በግዕዝም በዕዝልም በአራራይም፣ ከቃሉ በላይ የሚጻፈው ምልክት የሚያመለክተው አንድ ነጠላ ድምፅ አይደለም፤ አንድ ሙሉ የዜማ ሐረግ ነው። ምልክቶቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ያው ሐረግ በሌላ ቃል ላይ ተመልሶ ይመጣል። በቤተ ልሔም ድጓ ለማስመስከር የሚቀመጥ ተማሪ እነዚህን ሐረጎች በቦታቸው ማዋል ካልቻለ አይመሰከርለትም። መሪጌታውን «ይህን ዜማ ባለፈው በዓልም ሰምቼዋለሁ» ብሎ የሚወቅሰው የለም። አዝማሪውም እንዲሁ ነው። ባለ አንድ አውታር መሰንቆ ይዞ ጎንደር ጠጅ ቤት የሚገባው አዝማሪ የሚያመጣው የታወቀ ዜማ ነው፤ አዲስ የሚሆነው ግጥሙ ነው፤ ታዳሚው የሚጠብቀውም ወርቁን ነው። ዜማው አዲስ ቢሆንማ ጆሮን ከግጥሙ ይሻማ ነበር።

«እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ አዲስ ዜማ ሊኖረው ይገባል» የሚለው እምነት የገነነው ከሸክላው ጋር ነው። ሸክላ ሁለት ገጽ አለው፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አርእስት ይጻፋል፤ ገዢውም ሁለት ዘፈን ገዝቻለሁ ብሎ ያስባል። ሆኖም በዚያው በሸክላ ዘመን እንኳ የቀድሞው ወግ አልጠፋም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባሳተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ውስጥ 10ኛው ቅጽ የሚጠራው በትዝታ ስም ነው፤ የተለያዩ ድምፃውያን ትዝታን በየራሳቸው ያዜሙበታል። ጌታቸው ካሳ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፍጥነት አዚሞታል። ሁለቱን በተከታታይ ያደመጠ ሰው ተጭበርብሬያለሁ አይልም። ትዝታ እንደሚደገም ስለሚያውቅ መመሳሰሉን አልፎ ልዩነቱን ይፈልጋል። ያንኑ ጆሮ ለሌሎቹ ዘፈኖች የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

ነገሩ በጆሮ ብቻ የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስቸገርኋችሁ። ፍርድ ቤት የደረሰ አንድ ጉዳይ ላንሣ። ጆን ፎገርቲ ክሪደንስ ክሊርዋተር ሪቫይቫል በተባለው የሮክ ባንድ ውስጥ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1970 «ራን ስሩ ዘ ጀንግል» የተባለ ዘፈን ደረሰ፤ የዘፈኑ የቅጂ መብት ግን በአሳታሚው በፋንታሲ ኩባንያ እጅ ገባ። ፎገርቲ ባንዱ ከፈረሰ በኋላ ለብቻው ሲሠራ ቆይቶ «ዘ ኦልድ ማን ዳውን ዘ ሮድ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። ኩባንያውም «ይህ በቃል ብቻ የተለወጠ የእኛው ዘፈን ነው» ብሎ ከሰሰው። ሰውየው ራሱን መስሏል ተብሎ ተከሰሰ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጉዳዩ ሲሰማ ፎገርቲ ጊታሩን ይዞ በምስክር መቀመጫ ላይ ተቀመጠ፤ ዘፈኖቹን እንዴት እንደሚሠራ እየተጫወተ ለዳኞቹ አሳየ። የሕዝብ ዳኞቹም ፈረዱለት። የጠበቃ ወጪው ክርክር ግን ቀጥሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1994 የረታ ተከሳሽ ወጪውን ለማስመለስ ከረታ ከሳሽ ጋር በእኩል ሚዛን ሊታይ እንደሚገባው ወሰነ።

የዚህ ጉዳይ ፍሬ ነገር እኛንም ይመለከታል። አንድ ባለሙያ ሥራውን ሲሸጥ ስልቱንም አብሮ ሸጧል ወይ? እኛ ዘንድ የካሴት ዘመን አሠራር ብዙ ጊዜ ሥራን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ማስረከብ ነበር። የዜማ ደራሲው፣ የግጥም ደራሲው፣ አቀናባሪውና ድምፃዊው አራት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በካሴቱ ልባስ ላይ ፎቶግራፉ የሚወጣው ግን የአንዱ ነው። ስለዚህ «ማሕሙድ ራሱን ደገመ» ስንል ምናልባት የምንናገረው ስለ ሁለት የተለያዩ የዜማ ደራሲዎች ሊሆን ይችላል፤ አንደኛው ከሌላኛው ወስዷል እያልን መሆኑንም ልብ አንለውም። የኮፒራይትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007፣ ጥበቃ የሚሰጠው ለተገለጸ ሥራ እንጂ ለሐሳብ፣ ለሥርዓት ወይም ለዘዴ አይደለም። እንደ እኔ ንባብ ቅኝት ሥርዓት ነው፤ ወል ቤት ሥርዓት ነው፤ ችክችካም እንዲሁ። የድምፅ መርገብገብ የማንም ንብረት ሊሆን አይችልም። ጥበቃ የሚገባው ዐፅሙ፣ ማለትም ያ በክራር ላይ ገፍፈን የምንመታው የዜማ መስመር ነው። እርሱ ሲገጣጠም ክሱ ክስ ነው፤ ያኔ ባለሙያ ጠርቶ ሐረግ በሐረግ ማመሳከር ተገቢ ይሆናል። በእርግጥ ተመሳሳይ የሆኑ፣ ከአንድ በላይ ሐረጋቸው የሚገጥም ዘፈኖች የሉም አልልም፤ አሉ። እነርሱን ለማግኘት ግን መጀመሪያ የማይገጥሙትን መለየት ያስፈልጋል።

ለዚህ ነው ዘንድሮ ዘፈን ላይ ለሚጽፉ ተማሪዎች «ይመሳሰላል» የሚለውን ቃል ብቻውን የማልቀበለው። በምን? በቅኝት ነው? በቤት ነው? በምት፣ በአቀናባሪ፣ በጌጥ ወይስ በዐፅሙ? የዜማ ደራሲው ስም በካሴቱ ልባስ ወይም በሸክላው ላይ ተጽፏል? ካልተጻፈስ በሕይወት ያለ የባንዱ አባል ተጠይቋል? ይህ የመጨረሻው ሥራ ጊዜ አይሰጥም፤ የክቡር ዘበኛን ዘመን የሚያስታውሱ ባለሙያዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። በምዕራብ ጎንደር ቆላ ደግሞ የሁለቱን አገር ካሴት ጎን ለጎን ያስቀመጡ ነጋዴዎችና ሻይ ቤቶች ነበሩ፤ ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ ተማሪዎች ወላጆቻችሁን፣ አጎቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን ጠይቁ። በአቧራ የተሸፈነ ካርቶን ቢገኝ ካሴቶቹን ሳታጸዱና ሳትሞክሩ ልባሳቸውን ፎቶ አንሡ፤ ስሞቹ ያሉት እዚያ ላይ ነው።

አሁን ሁለት ቅጂዎች አሰማችኋለሁ፤ አንደኛው የማሕሙድ፣ ሁለተኛው የወርዲ ነው። አርእስታቸውን ለጊዜው አልናገርም። ስታደምጡ ዜማው በየሐረጉ መጨረሻ የሚያርፍበትን ድምፅ በለሆሳስ አንጎራጉራችሁ ያዙት፤ ከዚያ ሁለቱ ማረፊያዎች አንድ መሆን አለመሆናቸውን በወረቀታችሁ ላይ ጻፉ። ውይይቱን ከዚያ እንጀምራለን።